ማሩ ሲያልቅ ስሙ እንዲቀር፦ አነስተኛ አምራቾች በርካሽ ዕቃ ገበያ ውስጥ የሚታወቁበት መንገድ

በአውራ ጎዳና ዳር የሚኖሩ የገጠር ልጆች አላፊ መኪና ሲያዩ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ሲጣሩ ያልሰማ መንገደኛ ጥቂት ነው። ልጆቹ የሚጠይቁት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው። ሃይላንድ ግን በመጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውኃ የንግድ ስም ነበር። ውኃው ወዲያው ተጠጥቶ ያልቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ቤት ገብቶ ዘይት ይቀመጥበታል፣ ልጆች ለትምህርት ቤት ውኃ ይይዙበታል፣ የጓሮ አትክልት ዘር ይከተትበታል። ዕቃው ከቤት ስላልወጣ ስሙም ከአፍ አልወጣም። ዛሬ የየትኛውም ድርጅት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ "ሃይላንድ" ይባላል።

"ማዳበሪያ" የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አርሶ አደሩ እህሉን የሚከትትበትን ጆንያ "ማዳበሪያ" ብሎ የሚጠራው፣ የአፈር ማዳበሪያው ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላም መያዣው ለዓመታት ስለሚያገለግል ነው። ይዘቱ ያልቃል፤ መያዣው ግን ስሙን ይዞ ይቀራል።

ሁለቱ ቃላት ለአነስተኛ አምራች ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። ሰው አንድን ስም የሚያስታውሰው ጮክ ተብሎ ስለተነገረው ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ ደጋግሞ ሲያየውም ነው። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ንብ አናቢ፣ ዶሮ አርቢ ወይም ችግኝ አፍዪ በጥቂት ብር በሚታተም ዕቃ ስሙን ደንበኛው ቤት ማስቀመጥ ይችላል። ጥያቄው የትኛውን ዕቃ፣ ለማን፣ መቼ እና በምን ያህል ወጪ የሚለው ነው።

ስም አልባ ምርት የሚያስከፍለው ዋጋ

የከተማ ሸማች "የምንጃር ጤፍ"፣ "የፎገራ ሩዝ"፣ "የላስታ ማር" ብሎ ይጠይቃል። አካባቢው ስም አለው፤ አምራቹ ግን የለውም። ምርቱ ከአምራቹ እጅ ወጥቶ ከሌላው ምርት ጋር ሲቀላቀል የማን እንደሆነ የሚለይበት ምልክት አይኖርም። ማሩን ወዶ የጨረሰ ሰው ከዚያው ሰው ሊገዛ ቢፈልግ እንኳ ማንን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። አምራቹ ደንበኛ ያፈራል፤ ደንበኛው ግን መልሶ አያገኘውም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ንጹሕ ማርና ስኳር የተደባለቀበት ማር ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ መለየት ያልቻለ ገዢ የመታለል ሥጋቱን አስቦ ለሁለቱም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ የሚጎዳው ሐቀኛው አምራች ነው። ያጭበረበረው ሰውም ስም ስለሌለው የሚያፍርበት ነገር የለም። ስም ያለው አምራች ግን በጥሩ ምርቱ ይመሰገናል፣ ባጠፋም ጊዜ ይጠየቃል። ገዢው ጥቂት ጨምሮ ለመክፈል የሚደፍረው ይህን ሲያውቅ ነው።

የሌላ አገር ተሞክሮ

ይህ ዘዴ በሌሎች አገሮችም ከግብርና ጋር የቆየ ትስስር አለው። በአሜሪካ በ1920ዎቹ እና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዱቄትና የእንስሳት መኖ ፋብሪካዎች ምርታቸውን በጥጥ ከረጢት ይሸጡ ነበር። የገጠር እናቶች ከረጢቱን ፈትተው የልጆች ልብስ እንደሚሰፉበት የተረዱ ፋብሪካዎች ጨርቁን በአበባና በልዩ ልዩ ጌጥ ማተም ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚገዛውን መኖ የሚመርጠው በመኖው ጥራት ብቻ ሳይሆን በከረጢቱ ጨርቅም ሆነ።

ከዚያም ወዲህ የዘር፣ የመኖና የእርሻ መሣሪያ ሻጮች ስማቸው የታተመበትን ኮፍያ ለገበሬዎች በነጻ ማደል ልማድ አደረጉ። ኮፍያው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ገበሬው ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ኮፍያውን አድርጎ ገበያ ይሄዳል፣ ጎረቤቱም ያየዋል። በሁለቱም ታሪኮች ስሙን ያሻገረው ዕቃው ለተቀባዩ መጥቀሙ ነው። የማይጠቅም ዕቃ ከነስሙ ይጣላል።

የትኛው ዕቃ ለየትኛው ምርት?

*ስቲከርና ማኅተም።* የመጀመሪያው ወጪ መዋል ያለበት በምርቱ መያዣ ላይ ነው። በማር ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር የአምራቹን ወይም የማኅበሩን ስም፣ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ ማሩ የተቆረጠበትን ወርና ክብደቱን መያዝ ይኖርበታል። የስቲከር አቅም የሌለው በማተሚያ ቤት የጎማ ማኅተም አስቀርጾ በወረቀት ከረጢት ላይ መምታት ይችላል። አንድ ጊዜ የተሠራ ማኅተም ቀለሙ እየተሞላ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። የሚቀጥለው ማር የሚደርስበትን ወር በስቲከሩ ላይ መጨመርም ደንበኛውን ቀጠሮ እንደመስጠት ነው።

*የጨርቅ ከረጢት።* የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ በኋላ ሸማቹ አማራጭ መያዣ ይፈልጋል። ስም የታተመበት ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት በየገበያው ቀን ከቤት ይወጣል፤ በመንገድ፣ በታክሲና በሱቅ ይታያል። ለእንቁላል፣ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ሻጮች ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው።

*ቀን መቁጠሪያ።* በመስከረም ወር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከቦታው አይነሳም። በዓላትንና አጽዋማትን ለማወቅ መላው ቤተሰብ ያየዋል። ዶሮ አርቢ ጫጩት ለሚገዙ ደንበኞቹ የክትባት ጊዜን፣ ችግኝ አፍዪ የተከላና የመግረዝ ወራትን ቢያካትትበት ደግሞ ከጌጥነት አልፎ መመሪያ ይሆናል። ማተሚያ ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ስለሚበዛባቸው ትእዛዙን አስቀድሞ፣ ቢቻል በሰኔና በሐምሌ መስጠት ይበጃል።

*ኮፍያና ታፔላ።* ዘር የሚያባዙ ማኅበራት ገዢያቸው አርሶ አደር ነውና ኮፍያ ይስማማቸዋል። ከኮፍያውም የበለጠ የሚናገረው ግን ማሳው ነው። መንገድ ዳር በሚገኝ ጥሩ ሰብል ላይ የዝርያውን ስም፣ የተዘራበትን ቀንና የማኅበሩን ስም የያዘች ትንሽ ታፔላ ብትተከል፣ አላፊው ሁሉ ሰብሉን ከነስሙ ይመለከታል።

*እስክሪብቶ።* እስክሪብቶ በብዛት ለሚገዙ ባለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለሆቴል ዕቃ ገዢዎች ይሆናል። በገበያ ላይ ላገኙት ሁሉ ማደል ግን ገንዘብን መበተን ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጥ ስጦታም ዋጋው አነስተኛ ቢሆን እንኳ የእጅ መንሻ መስሎ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ዕቃው የትኛውም ይሁን ጽሑፉ አጭር መሆን አለበት። ስም፣ ምርት፣ ቦታ እና ስልክ ይበቃል። ብዙ ቃል የተጨናነቀበት ከረጢት ከሦስት እርምጃ ርቀት አይነበብም። ለዓመታት በሚያገለግል ዕቃ ላይ ዋጋ ወይም ዓመተ ምሕረት ማተም ዕቃውን ቶሎ ያስረጀዋል፤ ሊቀየር የሚችል ስልክ ማተምም እንዲሁ ነው። ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ምልክት ይኑረው። ማንበብ የማይችል ደንበኛ የሚለየው በምልክቱ ነውና።

ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት

የኅትመት ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያል። አሠራሩን ለማሳየት ያህል የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። ስክሪን ፕሪንት በሚባለው የኅትመት ዘዴ የንድፉና የመቅረጫው ወጪ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ 1,500 ብር ነው እንበል። የእያንዳንዱ ከረጢት ጨርቅና ቀለም ደግሞ 40 ብር ይሁን። 50 ከረጢት ያሳተመ ሰው በጠቅላላው 3,500 ብር ያወጣል፤ አንዱ 70 ብር ይደርስበታል። 300 ያሳተመ 13,500 ብር ያወጣል፤ አንዱ 45 ብር ብቻ ይሆናል።

ቀጣዩ ጥያቄ ወጪው በምን ይመለሳል የሚለው ነው። ንብ አናቢው ማሩን ለደላላ ከመስጠት ይልቅ በቀጥታ ለሸማች ሲሸጥ በኪሎ 100 ብር የሚተርፈው ከሆነ፣ የ50ውን ከረጢት ወጪ ለመመለስ 35 ተጨማሪ ኪሎ መሸጥ አለበት። ከረጢት ከወሰዱት 50 ሰዎች 35ቱ ተመልሰው አንድ አንድ ኪሎ መግዛት ይኖርባቸዋል ማለት ነው፤ ይህ ከባድ ነው። ለ300 ከረጢት ግን 135 ኪሎ ይበቃል፤ ከተቀባዮቹ ከግማሽ በታች ቢመለሱ ወጪው ይሸፈናል። ይሁን እንጂ 300 ደንበኛና ለእነርሱ የሚበቃ ማር የሌለው አምራች ብዙ ማሳተሙ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው በኅብረት መሥራት ነው። አሥር ንብ አናቢዎች በየግላቸው 30 ከረጢት ከሚያሳትሙ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ስም 300 ቢያሳትሙ ወጪው ይቀንሳል፣ አንዱ ምርት ሲያልቅበትም ሌላው ይተካል። ከረጢቱን ለሁሉም ከመስጠት ይልቅ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ለገዛ ብቻ መስጠትም ይቻላል።

ቀን መቁጠሪያ በሌላ መንገድ ይሰላል። 100 ብር የፈጀ ቀን መቁጠሪያ ለ365 ቀናት ቢሰቀል የቀን ወጪው 27 ሳንቲም ገደማ ነው። መቶ ብር ሲወጣ ብዙ ይመስላል፤ ለቀናቱ ሲካፈል ግን ይቀላል። በአንጻሩ በ10 ብር ተገዝቶ በሳምንቱ የተሰበረ የቁልፍ መያዣ በቀን ከ1 ብር በላይ ያስወጣል። ርካሽነት የሚለካው በመግዣ ዋጋ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመን ነው።

ውጤቱን መከታተያው መንገድም ቀላል ነው። በአንድ ደብተር ላይ አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥር "እንዴት አወቃችሁን?" ብሎ ጠይቆ በየመልሱ ፊት አንድ መስመር ማስመር ይበቃል። ከስድስት ወር በኋላ ከረጢቱ ይሁን ስቲከሩ፣ ወይስ የጎረቤት ወሬ፣ ገዢ ያመጣው የትኛው እንደሆነ ደብተሩ ይናገራል።

ስምን ማስጠበቅ

የታወቀ ስም ይቀማል። የእኛው ቡና ታሪክ ይህን ያሳያል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቅርቦ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። ለስም የሚደረግ ሙግት አገርን ያህል ካስጨነቀ፣ አነስተኛ ማኅበርም ስሙን ችላ ማለት አይገባውም።

በአገር ውስጥ የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነው። ሥራውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ጥበቃ ያገኛል፤ ጊዜው ሲያበቃም ይታደሳል። ከሌላ ሰው ምልክት ጋር የሚመሳሰል ስም መርጦ ብዙ ከረጢት ያሳተመ ሰው በኋላ ለክርክር ሊዳረግ ስለሚችል፣ ከኅትመት በፊት ስሙ በሌላ አለመያዙን ማጣራት ይገባል።

በዕቃው ላይ የሚታተመው ቃልም እውነት መሆን አለበት። ያልተመረመረን ማር "በሽታ ይፈውሳል" ማለት፣ የብቃት ማረጋገጫ የሌለውን ዘር "ምርጥ ዘር" ብሎ ማተም ሸማቹን ማሳሳት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ዕቃው የማያድነው

ከረጢትም ሆነ ቀን መቁጠሪያ መጥፎ ምርትን ጥሩ አያደርግም። እንዲያውም ስም የታተመበት መጥፎ ምርት ስም ከሌለው ይብሳል፤ ገዢው ማንን እንደሚሸሽ ያውቃልና። በአንድ ብልቃጥ የተደባለቀ ማር የተታለለ ሰው ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው መታለሉን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ጥራቱ፣ ቀጥሎ ሚዛኑ፣ ከዚያ ስቲከሩ፣ በመጨረሻም ስጦታው።

አበው "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይላሉ። ለአርሶ አደሩ ስም ገበያ ላይም ይውላል። በመጪው የማር ቆረጣ ወቅት ምርቱን ወደ ከተማ የሚያወጣ ንብ አናቢ በአንድ የጎማ ማኅተምና በጥቂት የወረቀት ከረጢት ሊጀምር ይችላል። ማሩ ተበልቶ ሲያልቅ ከረጢቱ ከቀረ፣ ደንበኛው የሚደውልበት ስም አለው።