የአሮጌ ጠመንጃ በርሜል መለወጥ አዝመራ አያድንም

ከይጁቤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ የባሶ ሊበን ወረዳ ቆላማ መሬት ይገኛል። የማሽላውና የበቆሎው እሸት ሲደርስ የገደሉ አውሬ ይወጣል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይፈራረቁበታል። ማማ ላይ የሚያድር አርሶ አደር ታዲያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ጠመንጃ ማሰቡ አይቀርም።

ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና ቤልጅግ በጎጃም ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። አሁን የብዙዎቹ በርሜል በዝገት ተበልቷል፤ ጥይታቸውም እንደ ልብ አይገኝም። በዚህ ጊዜ በርሜሉን አስፍቶ ወይም በሌላ ለውጦ ተለቅ ያለ ጥይት ማጉረስ ርካሽ መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን አደጋው የተኳሹን ዓይንና እጅ፣ አልፎም ሕይወቱን የሚነካ ነው።

ባሩድ ሲነድ የሚፈጥረውን ግፊት የሚችለው በርሜሉ ብቻ አይደለም። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍልና ከኋላው የሚዘጋው መቀርቀሪያም ግፊቱን ይሸከማሉ። ሦስቱ የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። በርሜሉ ሲሰፋ ግድግዳው ይሳሳል። በቀለሁና በመቀርቀሪያው መካከል ከልኩ ያለፈ ክፍተት ካለ ቀለሁ ይቀደዳል፤ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህ ክፍተት የሚለካው በልዩ መለኪያ እንጂ በዓይን ግምት አይደለም። ጥይቱ ጎረሰ ማለትም ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ሥራው በፋብሪካ ደረጃ እንኳ ቀላል አልነበረም። በዓድዋ ዘመን በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ በብዛት የነበረው ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የለበንን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ ስታደርገው፣ በርሜሉን በአዲስ ተክታ ነው። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1938 የካርካኖ ጠመንጃዋን ስፋት ከ6.5 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ለማሳደግ ጀምራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረብ ስለከበዳት ወደ ቀድሞው ተመለሰች። የአንድ መንግሥት ፋብሪካና ግምጃ ቤት የከበደውን ሥራ በአንጥረኛ መዶሻና በመሰርሰሪያ መሞከር ውጤቱ ግልጽ ነው።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ መያዝን በፈቃድ ያደርጋል። በርሜሉ የተለወጠ ጠመንጃ ደግሞ በፈቃዱ ላይ ከተመዘገበው ሊለይ ይችላል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም አደንን ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። በመሆኑም ሰብሌን በላብኝ ብሎ መተኮስ ራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ለአዝመራው የሚበጀው ከጠመንጃው ይልቅ የጎረቤት ትብብር ነው። ማሳቸው የተያያዘ አርሶ አደሮች በአንድ ወቅት ቢዘሩና ቢያጭዱ፣ አውሬው ሳይታጨድ በቀረ አንድ ማሳ ላይ አይረባረብም። በተራ መጠበቅ፣ ማማውን አውሬው በሚወጣበት በኩል መሥራት፣ በማሳው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ወንጭፍና ጅራፍ ማዘጋጀት የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው። የቀበሌ አመራሮች የጥበቃውን ተራ ቢያስተባብሩ፣ የግብርና ባለሙያዎችም ጉዳት የሚበዛበትን ማሳ ለይተው ለወረዳው ቢያሳውቁ፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀርተው ዝንጀሮ ሲጠብቁ አይውሉም።

አሮጌ ጠመንጃ በእጁ ያለ አርሶ አደርም ሊያስተውል የሚገባው ነገር አለ። ከተኩስ በኋላ ቀለሁ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ጭስ ወደ ፊት ከመለሰ፣ መቀርቀሪያውም ከላላ ጠመንጃው ከእንግዲህ መተኮስ የለበትም። የአባት ቅርስ ሆኖ ግድግዳ ላይ ቢቀመጥ ክብሩ አይቀንስም። ማሽላ ለማዳን ዓይንን ማጣት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።