የሕክምና መረጃ ቋቶችን ለተጠቃሚው በቀጥታ መክፈት፦ በሐረር የጤና ሳይንስ ትምህርት አንጻር

የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜድላይን የተሰኘውን የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ላይ ሲያውል፣ ፍለጋውን የሚያካሂደው ሐኪሙ ወይም ተመራማሪው ሳይሆን የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። ፐብሜድ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ በነጻ ሲከፈት ግን ፍለጋው ወደ ተጠቃሚው እጅ ገባ።

በሐረር ከተማ ለሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ እንዲሁም ለማስተማሪያ ሆስፒታሉ ለሕይወት ፋና፣ የዚህ ለውጥ ጥቅም ግልጽ ነው። ፐብሜድ በዋናነት የጽሑፎችን ርዕስና አጽሕሮት ያቀርባል። ሙሉውን ጽሑፍ ለማግኘት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ አለ፤ የኢትዮጵያ ተቋማት ተመዝግበው ያለ ክፍያ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ይሁን እንጂ የይለፍ ቃል ማግኘትና መፈለግን ማወቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለአካባቢው ቅርብ የሆነውን ጫትን እንውሰድ። ቃሉ በላቲን ፊደል «ካት»፣ «ቃት»፣ «ቻት» ተብሎ በልዩ ልዩ መንገድ ይጻፋል። በኢትዮጵያውያን ጥናቶች የሚታየው «ቻት» በእንግሊዝኛ «ጭውውት» ማለት በመሆኑ፣ ብቻውን ሲጻፍ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ በርካታ ጽሑፎችን ያመጣል። ሜሽ የተባለው የሕክምና ርዕሰ ጉዳዮች መዝገበ ቃላት ግን ተክሉን «ካታ» በሚል አንድ መጠሪያ ሥር ያሰባስበዋል። ሜሽ ገና ያልተመደበላቸውን ጽሑፎች ላለማጣትም መጠሪያውን ከልዩ ልዩ አጻጻፎቹ ጋር «ወይም» በሚለው ማያያዣ አጣምሮ መፈለግ ያስፈልጋል።

ከሁለቱ የፍለጋ ስሕተቶች የከፋው የማይታየው ነው። የማይፈለግ ጽሑፍ ሲበዛ ፈላጊው ያስተውለዋል፤ ያመለጠውን ግን ሊያውቅ አይችልም። በአንድ ቃል ብቻ የፈለገ ተማሪ «በዚህ ርዕስ ጥናት አልተካሄደም» ብሎ ቢደመድም፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መነሻ በሌለ ክፍተት ላይ ይቆማል። ሐኪምም በጎደለ ማስረጃ ሕክምና ሊወስን ይችላል።

ስለዚህ ቀጥተኛ አገልግሎት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ሥራ ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። ባለሙያው ፈልጎ ከመስጠት ይልቅ መፈለግን ያስተምራል፤ የጥናት ዕቅድ ከመቅረቡ በፊትም የፍለጋ ቃላቱን ከተማሪው ጋር ይመረምራል። ተማሪው በበኩሉ የተጠቀመበትን ቋት፣ ቃላቱንና የፍለጋውን ቀን መዝግቦ ሊይዝ ይገባል፤ ሌላው ተመራማሪ ፍለጋውን ደግሞ ማረጋገጥ የሚችለው ይህ ሲሆን ብቻ ነው።