ፔዳሉ ሲረገጥ ቤዙ የት ይሄዳል?

ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሞከር ልብ የሚያሞቅ ፔዳል፣ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲገባ ቤዙን ይዞት ሊጠፋ ይችላል። የመድረክ ድምፅ የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ያያሉ። ተጫዋቹ እግሩን ድምፅ በሚያሻክረው ፈዝ ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ የገነነ ይመስለዋል፤ አዳራሹ መሀል የቆመው ሰው የሚሰማው ግን ጩኸት የበዛበት፣ ታች የሌለው ድምፅ ነው። ተጫዋቹ አምፑን ይጨምራል፣ ኪቦርዲስቱም ተከትሎ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ መስማት ያቅተዋል። በእንዲህ ያለ ምሽት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከጣት አይመጣም፤ ከፔዳሉ አመራረጥ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ 20 ፍሬት አለው። በቀጭኑ ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ኖታ እንኳ መሠረታዊ ድግግሞሹ 311 ሄርዝ ገደማ ነው። አሁን ጊታሪስቶች የሚሳሱለትን የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር እንውሰድ። ሰርኪዩቱ የተቀመረው ከ720 ሄርዝ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ማጎላቱን እየቀነሰ እንዲሄድ ነው። ለጊታር ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ የወፍራም ክሮቹን ድፍርስነት ያጠራል፣ ሶሎውንም ወደ ፊት ያወጣል። የቤዝ መሠረታዊ ድምፆች ግን አንድ ሳይቀሩ ከዚያ መስመር በታች ናቸው። ፔዳሉ ለታሰበለት መሣሪያ ግሩም ነው፤ ቤዝ ላይ ሲሰካ ግን የሚያጎላው የክሩን ድምፅ ላይኛ ጫፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለቤዝ ፔዳል የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፔዳሉ ምን እንደሚወስድበት ነው። የሚጨምረውን ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል፤ የሚወስደውን ለማወቅ ግን ሌላ መሣሪያ አብሮ መጫወት አለበት።

ፈዝ ራሱ የተወለደው ከቤዝ ወገን መሆኑን ብዙ ተጫዋቾች አያውቁም። የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይጫወት ነበር። የሚክሰሩ አንድ መስመር ተበላሽቶ ድምፁን አሻከረው፤ ሰዎቹም አልጣሉትም፣ በሸክላው ላይ እንዳለ ወጣ። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ይህን ሻካራ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣ ሰርኪዩት ሠራ፤ ጊብሰንም በ1962 ማስትሮ ፈዝ ቶን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ማካርትኒ በቢትልስ «ራበር ሶል» አልበም፣ በጆርጅ ሃሪሰን ድርሰት «ቲንክ ፎር ዮርሰልፍ» ላይ ቤዝ ሁለት ጊዜ ቀረጸ፤ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው በፈዝ። ሻካራው ከላይ ሲያላዝን ንጹሑ ከታች ዘፈኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ዛሬ በቤዝ ፔዳል ላይ የምናየው ትልቁ ብልሃት ከዚህ አሠራር የተለየ አይደለም።

ብልሃቱ የብሌንድ ቁልፍ ነው። ያልተነካውን የቤዝ ድምፅ ከተሻከረው ጋር በፈለጉት መጠን ይቀላቅላል። የዳርክግላስ ቢ3ኬ አለው፣ የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር አለው፣ የቦስ ኦዲቢ-3 ደግሞ ባላንስ በሚል ስም ይዞታል። ሚዩዝ የተባለው ባንድ በሦስት ሰው ብቻ ያንን ሁሉ ግዝፈት የሚያገኘው ቤዝ ተጫዋቹ ክሪስ ወልስተንሆልም ንጹሑንና የተሻከረውን መስመር ለይቶ በመላኩ ነው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ፈዝ ወይም ኦቨርድራይቭ ሊገዛ የመጣ ቤዝ ተጫዋች ምክር ሲጠይቀው መልሱ አጭር ነው፤ ብሌንድ ከሌለው ይለፍ።

እጁ ላይ የጊታር ፔዳል ያለው ሰውም ቢሆን መጣል የለበትም። ቦስ ኤልኤስ-2 የመሰለ የመስመር መከፋፈያ ካገኘ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በፔዳሉ፣ ሌላውን በቀጥታ አሳልፎ መልሶ ይቀላቅለዋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፔዳሎች ሞገዱን ገልብጠው ያወጣሉ፤ የተገለበጠው ከንጹሑ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ በተለይ ታችኛው ድምፅ። ሁለት መስመር ተቀላቅሎ ከአንዱ የሳሳ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ያኔ ፔዳሉን መቀየር እንጂ ቁልፍ ማዞር አያድነውም።

ታዲያ ፈዝ ታችን የሚያሳሳ ከሆነ ለምን ያስፈልጋል? ትንንሽ ስፒከሮች 41 ሄርዝን በደንብ አያወጡትም፤ ብዙ ሰው ቤዝን የሚሰማው ከመሠረቱ በላይ በተደረደሩት ሃርሞኒኮች፣ በ82፣ በ123፣ በ164 ሄርዝ በኩል ነው። ጆሮ እነዚህን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላል። ፈዝና ኦቨርድራይቭ የሚያበዙት እነዚህኑ ሃርሞኒኮች ነው። በገና ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአሥሩ ክሮችና በድልድዩ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች ክሩ ሲርገበገብ እየነኩት ያንን የታወቀ ንዝረት ያወጣሉ፤ ጎርናናው ድምፅ በጸጥታ ቤት ውስጥ እንዲህ ጎልቶ የሚሰማው በሃርሞኒክ ስለሚሞላ ነው። ቆዳው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ንዝረቱ ይለወጣል፣ ስለዚህም በገና ደርዳሪው ቦታውን በጥንቃቄ ያስተካክላል። የፈዝን ጌን የሚያዞር ቤዝ ተጫዋችም እንደዚያው ቢጠነቀቅ ይበጀዋል፤ ከግማሽ ሳያልፍ የሚፈለገው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ኮምፕሬሰር በጸጥታ የሚሠራ ፔዳል ስለሆነ ብዙዎች ሳይረዱት ይገዙታል። ሬሾው 4 ለ 1 ከሆነ፣ ድምፁ ከተወሰነው ልክ በ4 ዲሲብል ሲያልፍ ፔዳሉ በ1 ዲሲብል ብቻ እንዲያልፍ ያደርጋል። ጠንካራውና ደካማው ምት ይቀራረባሉ፤ ስላፕ ለሚጫወት በረከት ነው። የሚያሳስበው የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። የኢ ክር አንድ ዙር ለመርገብገብ 24 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሪሊሱ፣ ማለትም የመልቀቂያ ጊዜው፣ ከዚያ ካጠረ ኮምፕሬሰሩ በአንዱ ዙር ውስጥ እየጨመቀ እየለቀቀ የራሱን መሻከር ይፈጥራል። አታኩ፣ ማለትም መጨመቅ የሚጀምርበት ጊዜ፣ በጣም ከፈጠነ ደግሞ ጣት ክሩን ሲነካ የሚወጣውን መነሻ ይበላዋል። የሰርግ ምሽት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ በጉራግኛ ፈጣን ምት ቤዙ ከኪክ ድራሙ ጋር አንድ ላይ መውደቅ ሲገባው፣ መነሻው የተበላ ቤዝ ዘግይቶ የመጣ ይመስላል። ድራመሩ ተጫዋቹን ይወቅሳል፣ ተጫዋቹም በልምምድ ማነስ ራሱን ይወቅሳል፤ አታኩን ትንሽ ማዘግየት ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል።

ኦክታቨር ሌላ ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ቦስ ኦሲ-2 ከተጫወቱት ኖታ አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይጨምራል፤ የሚከተለው ግን አንድ ኖታ በአንድ ጊዜ ነው፣ ሁለት ክር አንድ ላይ ከተመታ ይደናበራል። ሰዎች ገዝተው የሚያዝኑበት ምክንያት በዝቅተኛው ኢ ላይ ስለሚረግጡት ነው። የ41 ሄርዝ ግማሽ 20 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ያ የሰው ጆሮ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነው፣ ስፒከሩንም ያለ ጥቅም ያደክመዋል። ፒኖ ፓላዲኖ በ1983 ከፖል ያንግ ጋር በሠራው «ዌርኤቨር አይ ሌይ ማይ ሃት» ላይ ፍሬት በሌለው ቤዙ ዜማውን ከፍ ካለው የአንገቱ ክፍል ይጫወታል፤ ታችኛውን ኦክታቨሩ ያመጣለታል። ሁለቱ ተደጋግፈው የሚሰጡት ድምፅ ዛሬም አላረጀም።

ኢንቨሎፕ ፊልተር የጣትን ጉልበት የሚያዳምጥ ፔዳል ነው፤ ጠንክሮ ሲመታ አፉን ይከፍታል፣ ሲለዝብ ይዘጋል። ቡትሲ ኮሊንስ በ1970ዎቹ በሚውትሮን 3 ያስተማረው ይህንን ነው። ከኮምፕሬሰር በኋላ ከተቀመጠ የጉልበቱ ልዩነት ስለሚጠፋ ፊልተሩ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ፊልተሩ ይቀድማል። ኦክታቨርም እንዲሁ ገና ያልተሻከረ ድምፅ ይፈልጋልና ከፈዝ በፊት ይሰካ። የቀረው ቅደም ተከተል የምርጫ ጉዳይ ነው።

በኮረስና በዲሌይ ላይ ግን የኢትዮጵያን ቅኝቶች የሚጫወት ቤዝ ተጫዋች የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። በትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች መካከል ግማሽ ድምፅ የለም፤ የዲሌይ ጭራ ከሚቀጥለው ኖታ ጋር ቢደራረብ ጆሮ ይታገሣል። አንቺ ሆዬና አምባሰል ግን ግማሽ ድምፆች አሏቸው። በታችኛው ክር ኤፍ 43.7 ሄርዝ፣ ጂ ፍላት 46.2 ሄርዝ ነው፤ የአንዱ ጭራ በሌላው ላይ ሲያርፍ በሰከንድ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል የሚጎላና የሚሰጥም ድፍርስ ይፈጠራል። ዘፋኙ በዚያች ግማሽ ድምፅ ላይ የሚያደርገውን ማስጌጫ ቤዙ ራሱ ይቀብረዋል። በእነዚህ ቅኝቶች ዲሌይ ካስፈለገ ከላይኞቹ ክሮች ላይ ይሁን። ኮረስ የሚወድ ደግሞ ታችኛውን ሳይነካ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለው ይፈልግ፤ የቦስ ሲኢቢ-3 ሎው ፊልተር የተባለው ቁልፍ የተሠራው ለዚሁ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ችላ ይባላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከማንኛውም ፔዳል በላይ ድምፅ የሚያበላሸው እሱ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። በኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ የሚገኘው ጂ 49 ሄርዝ ነው። ከመብራቱ መስመር የሚመጣው እምምታ (ሃም) እና ይህ ኖታ በአንድ ሄርዝ ብቻ ስለሚለያዩ፣ ኖታው ሲያዝ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይሰማል። ቅኝቱ የወረደ መስሎት ክሩን ደጋግሞ የሚያጠብቅ ተጫዋች ጥቂት አይደለም። ፈዙ ሲረገጥ እምምታውም አብሮ ይጎላል። ዋሽንግተን ላይ የሚጫወት ባንድ መብራቱ 60 ሄርዝ ስለሆነ ችግሩ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ይወድቅለታል። ከዚያ በሻንጣ የሚመጣ አዳፕተር ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት እዚህ መሰካት የለበትም። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል። ቀጥሎ የሚታየው 9 ቮልት መሆኑ፣ መሀለኛው ጫፍ ኔጌቲቭ መሆኑ እና ሚሊአምፔሩ መብቃቱ ነው። ዲጂታልና አናሎግ ፔዳሎችን በአንድ ተቀጣጣይ ገመድ ከመመገብ ለየብቻ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ያዋጣል፤ አንድ ፔዳል ቀንሶ እንኳ።

የመጀመሪያው ገንዘብ የት ይዋል? ቤዙ በቀጥታ ወደ ሚክሰር በሚገባበት መድረክ ላይ፣ ኢኳላይዘርና ዲአይ ያለው ፕሪአምፕ ፔዳል ከፈዝም ከኮረስም ይቀድማል። ለድምፅ ባለሙያው ንጹሕና የተመጣጠነ መስመር ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹም የትም ቢሄድ የሚያውቀውን ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ቲዩነር ነው፤ ሲረገጥ ድምፁን ስለሚዘጋ በዘፈን መካከል ቅኝት ሲለወጥ ሕዝቡ የክር ማጥበቅ አይሰማም።

ፔዳል ሲፈተሽ ደግሞ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እንዲሆን ሌቭሉ መስተካከል አለበት። ጮክ ያለው ሁሉ ለጆሮ የተሻለ ይመስላልና፣ ካልተስተካከለ ሰውየው የሚገዛው ጩኸቱን ነው። በስልክ ቀርጾ መፍረድም አይበጅም፤ የስልክ ስፒከር የቤዝን ታች ስለማያወጣ ሁልጊዜ የሚያሞግሰው ሻካራውን ነው። ድራመሩ እየመታ፣ ረጅም ገመድ ሰክቶ ከመድረክ ወርዶ አዳራሹ መሀል ቆሞ መጫወት ይሻላል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በቢ ክሩ፣ በ31 ሄርዝ፣ እንደገና ይሞክር፤ በኢ ላይ ያማረ ኮምፕሬሰርና ኦክታቨር እዚያ ሲደርስ ሊደናቀፍ ይችላል።