ከስደተኞች ሠፈር እስከ ምክር ቤት ወንበር

የሕዝብ አገልግሎት ሹመት ሲገኝ የሚጀመር ለሚመስለው ወጣት የአቶ ኦባላ ኦባላ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠዋል። አቶ ኦባላ የተወለዱት ጋምቤላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በዚያ አገር እልቂት በደረሰ ጊዜ ወደ ኬንያ ተሰደው ዐሥር ዓመት ያህል በስደተኞች ሠፈር ኖሩ። በ2013 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ ቆይቶም በሚኒሶታ ግዛት በምትገኘው በኦስቲን ከተማ ተቀመጡ።

ኦስቲን በ2020 ቆጠራ 26 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት፥ በ1891 በተቋቋመው በሆርሜል የሥጋ ፋብሪካ የታወቀች ከተማ ናት። ፋብሪካው ሠራተኛ ስለሚፈልግ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ተሰብስበውባታል። በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ግን ከእነርሱ ወገን የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አቶ ኦባላ በሪቨርላንድ ኮሌጅ የተማሪዎች መሪ ሳሉ፥ ጓደኞቻቸው ምግብ አጥተው ወደ ትምህርት እንደሚመጡ ተረዱ። በዝምታ አላለፉትም፤ ለተራበ ተማሪ እርዳታ የሚሰጥ ሕግ እንዲወጣ የግዛቱን እንደራሴዎች ደጅ ጠኑ። በዚያን ጊዜ ገና የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራቸውም።

የአሜሪካ ዜግነት ያገኙት በታኅሣሥ 2019 ነው። ዓመት ሳይሞላ፥ በኅዳር 2020፥ የአንደኛው ቀጠና ሕዝብ ለከተማው ምክር ቤት መረጣቸው። ለዚያ ወንበር የበቁ የመጀመሪያው ስደተኛና ጥቁር ሰው ሆኑ። ከያዟቸውም ጉዳዮች አንዱ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ሊከፍለው የሚችለው የቤት ኪራይ ነበረ።

እንግዲህ መራጩ ድምፁን የሰጠው ሥራቸውን አስቀድሞ አይቶ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣትም ዛሬ በእጁ ባለችው ትንሽ ኀላፊነት ስለ ሌላው ችግር ቢደክም፥ ነገ ለሚሰጠው አደራ ምስክር ይሆነዋል።