በሮማ ከተማ ማደሪያ ሠፈርን ስለ መምረጥ

ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሳፈሪያው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎም ስለሚለብሰው ልብስና ስለሚጎበኛቸው ታላላቅ ሕንጻዎች ያስባል። በየትኛው ሠፈር እንደሚያድር የሚያስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሩቅ ካለ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሰው ቢሆንም፥ ምክሩ ለመንገደኛ ማደሪያም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህንንም ያወቅነው በራሳችን ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕድሜ የገፉትን እናታችንንና ሁለት ልጆችን ይዘን ወደ ሮማ ሄደን ነበር። እናታችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ አንድ ምኞት ነበራቸው፤ ይኸውም የሐዋርያቱን የጴጥሮስንና የጳውሎስን መካነ መቃብር በዓይናቸው አይተው ለመመለስ ነው። እኛም ገንዘብ ለመቆጠብ ስንል ከከተማይቱ ውጭ፥ ሮማን በሚዞረው በታላቁ የመኪና መንገድ አጠገብ፥ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ሆቴል ያዝን። ማስታወቂያው «ከመካከለኛው ከተማ ግማሽ ሰዓት» ይል ነበር፤ ግማሽ ሰዓቱ ግን ለባለ መኪና የተቆጠረ ኖሯል። እኛ አውቶቡስ ስንጠብቅ፥ ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ስንሻገር፥ ከዚያም በእግር ስንሄድ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ስንደርስ ሰልፉ ረዝሞ፥ ፀሐዩም በርትቶ ነበር። እናታችን ቆመው ለመጠበቅ የሚያስችል ጉልበት ስላልቀራቸው ወደ ውስጥ ሳንገባ ተመለስን።

በማግሥቱ ጠዋት «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በመስኮት አያለሁ» አሉን። ከመስኮቱ የሚታየው የቤንዚን ማደያና የሚከንፍ መኪና ብቻ ነበር። ማታ ስንመለስ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የልጆቹን ወሬ እየሰሙ ፈገግ አሉ እንጂ አንዳች አላማረሩም፤ እኛን ያሳፈረን ይህ ዝምታቸው ነበር። በዚያችም ሌሊት ሠፈር ለመለወጥ ቆረጥን።

እንግዲህ ወደ ሮማ ለመሄድ ያሰቡ ቤተ ሰቦች እንደ እኛ እንዳይጸጸቱ፥ የከተማይቱን ዋና ዋና ሠፈሮች ጠባይ ባጭሩ ማመልከት ይገባናል። በጠቅላላው የሚጠበቀው ደንብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ማደሪያ የሚመረጠው ከተጓዦቹ መካከል ደካማ በሆነው ሰው እግር ተለክቶ ነው የሚል ነው። ብርቱው ከየትም ተነሥቶ ይደርሳል፤ ደካማው ግን ማደሪያው ከራቀ የመጣበትን ሳያይ ይመለሳል።

ጥንታዊቱ ሮማ በ22 ሠፈሮች የተከፈለች ናት። አብዛኞቹ በሦስተኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት አውሬልያኖስ ባስጀመረው የቅጥር ዙሪያ ውስጥ ይገኛሉ። ከተማይቱ በካርታ ስትታይ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ኮረብታዎቿ ብዙዎች፥ መንገዶቿም በጥቃቅን ጥቁር ድንጋይ የተነጠፉ ስለ ሆኑ፥ በዱላ ለሚሄድ ሰውም ሆነ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ እናት እርምጃው ይከብዳል።

መንገደኛ መጀመሪያ የሚደርስበት ሠፈር ተርሚኒ የተባለው ታላቁ የባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ያለ ማቋረጥ የሚመጣው ባቡር እዚህ ያደርሳል፤ ሁለቱ የቆዩት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮችም የሚገናኙት በዚሁ ነው። የሆቴሉ ዋጋ ከሌላው ይቀንሳል፤ የቅድስት ማርያም ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በእግር ቅርብ ነው፤ በአካባቢው ጎዳናዎች እንጀራ የሚያቀርቡ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በኤስኩዊሊኖ ገበያም ከአፍሪካና ከእስያ የመጣ ቅመምና እህል ይሸጣል። ሆኖም ሌሊት ሁካታው ብዙ ነው፤ ኪስ አውላቂም አይታጣበትም። በተለይ ከጣቢያው ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ሰው የሚጨናነቅበት በመሆኑ ቦርሳን በፊት ይዞ መቆም ይገባል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስሙ የተሰጠው በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዶጋሊ በራስ አሉላ ሠራዊት ለወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከአገራችን የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ታክሲ የሚጠብቀው በዚህ ታሪክ ላይ ቆሞ ነውና፥ ለልጆቹ ቢነግራቸው መልካም ነው።

ከጤቬሬ ወንዝ ማዶ በቫቲካን አጠገብ ቦርጎና ፕራቲ የተባሉ ሠፈሮች አሉ። ቦርጎ ጥንታዊና ጠባብ ነው፤ ፕራቲ ግን ሮማ የኢጣልያ ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ስለ ሆነ ጎዳናው ሰፊ፥ ቀጥ ያለና ሜዳማ ነው። ከኦታቪያኖ የባቡር ጣቢያ እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። ማታ ጸጥታ አለው። ዋጋው ከጣቢያው ሠፈር ከፍ ይላል፤ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ላለው ቤተ ሰብ ግን የምናስቀድመው ይህን ነው።

ይህን ምርጫ ከእኛ አስቀድመው ያወቁ አባቶች ነበሩ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሮማ ሲያሳትሙ የኖሩት በዚያ ነው። በእግራቸው በረሃውን፥ በመርከብም ባሕሩን አቋርጠው የመጡት እነዚያ አባቶች ያደሩት ሊሳለሙት ከመጡት ስፍራ አጠገብ ነበር።

ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ ትራስቴቬሬ ይገኛል። ቤቶቹ ያማሩ፥ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያኑም በወርቅማ የጠጠር ሥዕሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ማታ የጎልማሶች መዝናኛ ስለ ሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል፤ የምድር ውስጥ ባቡርም አይደርስበትም፤ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚወስደው 8 ቁጥር ትራም ነው። ቀን ሄዶ ማየት እንጂ ከልጆች ጋር ማደር አይመከርም።

ፓንቴዎንና ናቮና አደባባይ ያሉበት መካከለኛው ሠፈር ለአጭር ቆይታ የሚመች ነው፤ ሰው በእግሩ ብዙ ያያልና። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በኮሎሴዎ አጠገብ ያለው ሞንቲም ተወዳጅ ሠፈር ነው፤ ስሙ «ተራሮች» ማለት እንደ መሆኑ ዳገቱን ያልተቻለው ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ጸጥታን የሚሻ ሰው ደግሞ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታና ወደ ቼሊዮ ይሂድ። በአቬንቲኖ በአምስተኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የእንጨት መዝጊያ እስከ ዛሬ አለ። ከኮረብታው ሥር ባለው አደባባይ ነበር የአክሱም ሐውልት በ1937 የቆመው፤ በ2003 ከዚያ ተነቅሎ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008ም በአክሱም እንደ ገና ተተከለ። ዛሬ ሐውልቱ በዚያ የለም፤ ስፍራውን ግን ማየት ልብን ይነካል። ከዚሁ አቅጣጫ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ቀላል ነው።

ሠፈሩ ከታወቀ በኋላ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ጥቂት ነገር መጠየቅ ያሻል። ሮማ ውስጥ ብዙ ሆቴሎች የአንድ ትልቅ አሮጌ ሕንጻ አንዱን ፎቅ ብቻ የያዙ ናቸው። ስለዚህ ክፍሉ በስንተኛው ፎቅ እንደ ሆነ፥ አሳንሰር መኖሩን፥ ወደ አሳንሰሩም ለመድረስ ደረጃ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። ቀጥሎም ለባቡር ወይም ለአውቶቡስ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ፥ ዕቅዱ ቢለወጥ ገንዘቡ ይመለስ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። ከክፍሉ ኪራይ ሌላ ከተማይቱ በየሌሊቱ በሰው ቁጥር ግብር ታስከፍላለች፤ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን ከዚህ ነጻ ናቸው። የካቶሊክ ገዳማት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎችም አሉ፤ ንጹሖችና ዋጋቸው መጠነኛ የሆነ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት ስላላቸው አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰውም አይቸገርም፤ ማሪናራ የሚባለው ፒሳ አይብ የሌለበት፥ በቲማቲም፥ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስና፥ በሦስተኛው ቀን ሻንጣችንን ይዘን ወደ ፕራቲ ተዛወርን። በቀድሞው ሆቴል ለቀሩት ሁለት ሌሊቶች የከፈልነው ገንዘብ አልተመለሰልንም። የመጓጓዣው ወጪና ይህ ኪሣራ ሲደመር ርካሽ ያልነው ማደሪያ ከውዱ በልጦ ተገኘ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ዱላቸውን ይዘው፥ ሳንጠራቸው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ቀስ ብለን አብረን ሄድን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዐረፉ። አደባባዩ ገና ባዶ ነበር። ዙሪያውን ከቆሙት 284 አዕማድ ከአንደኛው ሥር ቁጭ ብለው ጥቂት ተነፈሱና፥ ቀና ብለው ጉልላቱን ተመልክተው፥ «ገና አሁን ሮማ ገባሁ» አሉ። ከዚያም ሰልፉ ሳይረዝም ገብተው የልባቸውን አደረሱ። ወደ ቅዱስ ጳውሎስ በማግሥቱ በታክሲ ወሰድናቸው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ገንዘብ መቆጠብን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቁጠባ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተ ሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ክፍል ከመያዙ በፊት የከተማይቱን ካርታ ዘርግቶ፥ ከሁሉ የሚደክመውን ሰው አስቦ፥ «ይህ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ወዴት መድረስ ይችላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ሲያገኝ ሠፈሩን አገኘ ማለት ነው።