ከተበላሸ ሀርድ ዲስክ መረጃን ስለ ማውጣት

ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን፤ የሰበሰብነውን ቃለ መጠይቅና ፎቶግራፍ በአንድ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ እናኖራለን። ዲስኩ አልከፈት ያለ ቀን ድካማችን ሁሉ የጠፋ ይመስለናል። ነገር ግን መሣሪያው ተበላሸ ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከብልሽቱ ይልቅ ከብልሽቱ በኋላ የሚደረገው ችኮላ የባሰ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳውም ይህንኑ ነው።

በዲስኩ ውስጥ መግነጢሳዊ ቅብ ያላቸው ክብ ሰሌዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር ያህል ይሽከረከራሉ። መረጃው የተጻፈው በእነርሱ ላይ ነው። የሚያነበው ራስ ሰሌዳውን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል፤ አንድ ናኖሜትርም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ወይም የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ከኤሌክትሪክ መለየት ይገባል፤ እያንዳንዱ ዙር ቅቡን ሊፍቀው ይችላልና። ክዳኑንም በቤት መክፈት አይገባም፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት እጅግ ትበልጣለችና። እንዲህ ያለው ዲስክ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላላቸው ባለሙያዎች ይሰጣል።

ድምፁ ደኅና ከሆነ ግን አስቀድሞ ገመዱን ለውጦ መሞከር ነው። ኮምፒዩተሩ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ እንደ ሆነ ቢጠይቅ እሺ ማለት አይገባም። ቀጥሎ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ወደ ሌላ ደኅና ዲስክ መውሰድ ያስፈልጋል። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፤ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ ያቆየዋል፤ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የጠፋውን ፋይል የመፈለጉ ሥራ የሚደረገው በግልባጩ ላይ እንጂ በታመመው ዲስክ ላይ አይደለም።

ሰሌዳው ከተረፈ ምን ያህል ሊገኝ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ በ1995 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2003) ወደ ምድር ስትመለስ በአየር ላይ ተሰባብራ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ከስብርባሪው መካከል ስለ ዜኖን ጋዝ ጠባይ የተደረገ ምርምር የተመዘገበበት ሀርድ ዲስክ ተቃጥሎና አፈር ገብቶበት ተገኘ። የክሮል ኦንትራክ ባለሙያዎች ሰሌዳዎቹን አጽድተው በሌላ ዲስክ አካል ገጠሟቸውና 99 በመቶ ያህሉን መረጃ አወጡ፤ የምርምሩም ውጤት በ2000 ዓ.ም. (2008) ታተመ።

ሆኖም እንዲህ ያለው ሥራ ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ስለዚህ ዲስኩ ደኅና ሳለ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጅቶ በሌላ ስፍራ ማኖር ከማናቸውም ጥገና ይበልጣል።