የይዞታ ደብተሩ የሚሰጠውና የማይሰጠው መብት

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበበች ከተማ ናት። ቤት ፈላጊው ዓይኑን የሚጥለው ወደ ዳር ዳሩና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደምትገኘው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች ማሳው ለከተማ የቀረበ አርሶ አደር እንግዲህ ማሽላውን ሳያጭድ ደላላ ይመጣበታል። የደላላው የመጀመሪያ ጥያቄ "ደብተር አለህ?" የሚል ነው።

ደብተሩ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶ፣ የማሳውን ስፋትና አዋሳኝ ይዟል፤ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ካርታም ተጨምሮበታል። ባለይዞታው እንዲያርስ፣ እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስ፣ ለቤተሰቡ አባል በስጦታ እንዲሰጥ ያስችለዋል። በአዋጅ 1324/2016 ደግሞ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ተፈቅዷል። መሸጥ ግን አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሽያጩን "ብድር" ወይም "ስጦታ" ብለው ይጽፉታል፤ ሦስት ሽማግሌም ያስፈርሙበታል። የሽማግሌ ፊርማ ሕገ ወጡን ውል ሕጋዊ አያደርገውም። ውሉ ሲፈርስ ገዥ መሬቱን፣ ሻጭ ገንዘቡን እንዲመልስ ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ግን ብዙውን ጊዜ አልቋል። ከተማው ቦታውን ለልማት ሲወስድም ካሣ የሚታሰበው መዝገቡ ላይ ስሙ ላለው እንጂ በእጁ ወረቀት ለያዘው አይደለም። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት በቋሚነት የሚነሳና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ አርሶ አደር፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ ይታሰብለታል፤ የሰብሉና የንብረቱ ካሣ ለብቻው ነው። ደላላ ይህን ሒሳብ አይነግረውም።

በከተማው ክልል ውስጥ ነገሩ ይለያል። ቤት ይሸጣል፤ ቦታው በሊዝ አዋጅ 721/2004 ይተዳደራል። ሌላ አገር የባለቤትነት ዋስትና የሚሸጡ የመድን ኩባንያዎች አሉ፤ እኛ ዘንድ የገዥ መተማመኛ መዝገቡ ነው። ስለዚህ የካርታ ፎቶ ኮፒ አይቶ ቀብድ መክፈል አያዋጣም። ካርታውን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ከማኅደሩ ጋር አስተያይቶ፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖሩን ማጣራት ይገባል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነትም ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ካልተመዘገበም በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ካርታ ራሱም ያለ ሥልጣን ወይም ያለ ሥርዓት ተሰጥቶ ከተገኘ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

ማሳውን ለጊዜው ማከራየት የሚፈልግ አርሶ አደር በበኩሉ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ፣ ሚስቱም ፈርማበት፣ በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይችላል።